ቀለህ የሞሉ እጆች

አያቴ የነበራቸው ሽጉጥ ስድስት ጎራሽ ነው። በፈረንጆቹ 1889 የጣሊያን ጦር የተቀበለው፣ ምርጫውን ባካሄደው ኮሚሽን መሪ በካርሎ ቦዴዮ ስም የሚጠራ፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የሚቀረው ብረት። ለመኮንኖች የተሠራው አፈሙዙ ድቡልቡል፣ ቃታውም እንደ ሌላው ሽጉጥ በቀለበት የታጠረ ነበር። ለተራው ወታደር የተሠራው ግን አፈሙዙ ስምንት ማዕዘን አለው፤ ቃታው ወደ ፊት ይታጠፋል፤ ቀለበት የሚባል ነገር የለውም። እኛ ቤት የነበረው ይኼኛው ነው። ቃታው ሲታጠፍ ከሽጉጡ ሆድ ጋር ስለሚገጥም ለማያውቀው ሰው አንድ ዕቃ የጎደለው ይመስላል። አያቴ በአውራ ጣታቸው ሲዘረጉት ግን ጠቅ ብሎ ይወጣና ሽጉጡ ሙሉ ይሆናል።

ስለ አሠራሩ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ አንብቤ ነው። በልጅነቴ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህ ሽጉጥ እንደ ልብ አይተኮስም። ጥይቱ በከተማው የለም። አራት ኪሎ፣ ከሥላሴ ካቴድራል ጀርባ በነበረው ቤታችን፣ ሽጉጡ በአያቴ ራስጌ ይሰቀላል፤ ጥይቱ ግን በሴት አያቴ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል። ብረቱን የመጣ እንግዳ ሁሉ እያገላበጠ ያየው ነበር። ጥይቱን ለማየት ግን የቤቱ ሰው መሆን ያስፈልጋል።

የሽጉጡ አመጣጥ ከዓድዋ ነው። የአያቴ አባት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከአንድ የጣሊያን መድፈኛ ወገብ እንደፈቱት በቤታችን ይነገራል። በዚያን ዕለት ጣሊያኖች በሺህ የሚቆጠር ጠመንጃቸውንና ወደ ጦሩ ሜዳ ያመጧቸውን መድፎች ጥለው ሸሽተዋል። ጠመንጃ ያገኘ ሰው የሀብት በር ተከፈተለት። ሽጉጥ ያገኘው ግን ከጌጡ በቀር ብዙ አልተቀናበትም፤ የሽጉጡ ጥይት አጭርና ወፍራም፣ ስፋቱ 10.35 ሚሊሜትር ነው፤ ከማንኛውም ጠመንጃ ጋር አይገጥምም፤ ዝናር ውስጥ ያለው ካለቀ ሌላ ከየትም አይመጣም።

ይህ የአንድ ሽጉጥ ብቻ ችግር አልነበረም። በፈረንጆቹ 1890 በብራሰልስ የተፈረመው ስምምነት ዘመናዊ መሣሪያ ወደ አብዛኛው አፍሪካ እንዳይገባ ገድቦ ነበር። በ1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን በኢትዮጵያ ላይ እርስ በርስ ሲዋዋሉ የመሣሪያ ንግዱንም አብረው ተነጋገሩበት። በ1930 እነዚሁ ሦስቱ ከኢትዮጵያ ጋር በፓሪስ ስለ መሣሪያ አገባብ ውል ፈረሙ። በ1935 ጦርነቱ በር ላይ ሲደርስ ደግሞ ማዕቀብ ተጣለ፤ የራሱ የመሣሪያ ፋብሪካ ያለው ወራሪ በማዕቀቡ ምንም አልጎደለበትም፤ ፋብሪካ የሌለው ተወራሪ ግን ባዶ እጁን ቀረ። ጠመንጃ በአንድ ጊዜ ተገዝቶ ልጅ የልጅ ልጅ ይይዘዋል። ጥይት ግን በተኮሱ ቁጥር ያልቃል፤ ባሕር የሌለው አገር ጥይቱን የሚያገኘው ባሕሩን የያዘው ሰው ሲፈቅድለት ነው።

ስለዚህ ጥይት ገንዘብ ነበር። በምኒልክ ዘመን ገበያዎች የውጅግራ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ዝርዝር ይሰጥና ይወሰድ ነበር። ዛሬ ፒያሳ በምንለው፣ ያኔ በአራዳ ገበያ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሥር፣ ለዕቃው ብር የከፈለ ሰው መልሱን በጥይት ተቀብሎ ቢሄድ የሚገረም አልነበረም። ውጅግራ በፈረንጆቹ 1874 የወጣው የፈረንሳዮቹ ግራ ጠመንጃ ነው፤ አንድ ጎራሽ፣ ጥይቱ 11 ሚሊሜትር፣ ቀለሁ ወፍራም ናስ። ከተተኮሰ በኋላ ቀለሁ አይጣልም። ወታደሩ ጎንበስ ብሎ ያነሳዋል፤ ቤቱ ይወስደዋል፤ እጁ ያወቀ ሰው መልሶ ይሞላዋል። የቀለህ ሙሌት ጥበብ የምለው ይህንን ነው።

ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ አያቴ ወደ ቡልጋ ወረዱ፤ ኋላም የአዲስ አበባ ፖሊስ አዛዥ ከነበሩት፣ አርበኞቹ ራስ ካሏቸው ከአበበ አረጋይ ጦር ጋር ገጠሙ። ትከሻቸው ላይ አሮጌ ውጅግራ፣ ወገባቸው ላይ ከአባታቸው የወረሱት ስድስት ጎራሽ ነበር። ታሪክ አንዳንዴ የሚገርም ነገር ያደርጋል። በአርባ ዓመቱ ተመልሶ የመጣው የጣሊያን ጦር አዳዲሶቹን ግሊዘንቲና ቤሬታ ሽጉጦች ቢታጠቅም፣ ያንን አሮጌ ቦዴዮ ከነጥይቱ የያዙ ሰዎች በመካከሉ ነበሩ። በዓድዋ የተማረከው ሽጉጥ የናፈቀውን ጥይት ከመጣበት ሰው ወገብ አገኘ። አያቴ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ከፍ ይል ነበር፤ «አባቴ ብረቱን ወሰደለት፤ እኔ ደግሞ ስንቁን» ይሉ ነበር።

ከድል በኋላ ምንጩ ደረቀ። ጣሊያን ወጣ፤ ከጣሊያን የተማረከውን መሣሪያ ብዙውን እንግሊዞች ይዘውት ሄዱ፤ 10.35 የምትባለዋ ጥይትም ከአገሩ ጠፋች። የአያቴ ጓደኞች አዳዲስ ሽጉጥ ያዙ። እሳቸው ግን ያንኑ ይዘው ቀሩ፤ የሚያጎርሱትንም ጥይት ከሠራተኛ ሰፈር ያመጡ ጀመር።

ሠራተኛ ሰፈር ከፒያሳ በላይ፣ የቤተ መንግሥቱ አንጥረኞች፣ ቀጥቃጮችና ሌሎች ባለ እጆች የሰፈሩበት መንደር ነው። ከአራት ኪሎ ተነስተን በራስ መኮንን ድልድይ በኩል ወደ ፒያሳ እንወጣለን። ወርቅ ቤቶቹን አልፈን፣ ጊዮርጊስን ተሳልመን፣ በጠባብ መንገድ ገባ ስንል አንድ ዝቅ ያለች የጭቃ ቤት እናገኛለን። አንጥረኛው በዚያ ቤት ውስጥ የሚሠራው የመስቀልና የጆሮ ጌጥ ነበር። የአያቴን ቀለህ የሚሞላውም እሱ ነው። እኔ ጋሼ እለዋለሁ፤ አያቴ «ወንድሜ» ይሉታል፤ እሱ ግን አያቴን «ጌታዬ» ከማለት አንድም ቀን ወደ ኋላ ብሎ አያውቅም።

ሥራው የሚጀመረው ከእኛ ቤት ነው። ሴት አያቴ ቀለሆቹን በአመድና በሎሚ ያሹዋቸዋል፤ የባሩዱ ጥቀርሻ ለቆ ናሱ ወርቅ እስኪመስል ድረስ። ጋሼ እነዚያን ቀለሆች ከጨርቁ ውስጥ እየመዘዘ፣ አንድ በአንድ ወደ በሩ ብርሃን አዙሮ አፋቸውን ያያል። ዓይኑ የወርቅ ብናኝ ሲለይ የኖረ ዓይን ነው፤ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ አታመልጠውም።

«ጌታዬ፣ ይቺን አልሞላትም።»

«ምን ሆነች?»

«አፏ ተሰንጥቋል። እጅዎን ታቃጥልብዎታለች።»

ያቺ ቀለህ ትለያለች። ቀለህ ውድ በሆነበት ዘመን አንዷን መጣል ቀላል ነገር አይደለም። አያቴ ግን አንድም ቀን ተከራክረው አያውቁም።

ቀጥሎ የሚያደርገው ነገር ዛሬም ዓይኔ ሥር ነው። ናስ በተመታና በተወጠረ ቁጥር ይደነድናል፤ የደነደነ ናስ ይሰነጠቃል። በእሳት ከሞቀ ግን መልሶ ይለሰልሳል። ይህን ለአንጥረኛ ማንም አያስተምረውም፤ ብርን አምባር ሲያደርግ በየቀኑ የሚያደርገው ነው። ነገር ግን የቀለህ ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። አፉ መለስለስ አለበት፤ ቂጡ ግን እንደ ደነደነ መቅረት አለበት፤ የተኩሱን ጉልበት የሚችለው ቂጡ ነውና። ጋሼ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ውኃ ያፈሳል። ቀለሆቹን ቂጣቸው ውኃ ውስጥ፣ አፋቸው ከውኃ በላይ አድርጎ ይደረድራቸዋል። ከዚያ በቀጭን ቧንቧ እየነፋ የኩራዙን ነበልባል እንደ መርፌ አሹሎ ወደ አንደኛዋ ቀለህ አፍ ያመጣዋል። ናሱ ቀለሙን ይለውጣል። ያኔ በጉጠቱ ጫፍ ገፋ ያደርጋታል፤ ቀለህዋ ውኃው ውስጥ ትወድቅና ጭስ ትላለች። ቀጥሎ ሁለተኛዋ። ቀጥሎ ሦስተኛዋ። በዚያ ሰዓት ቤቱ ውስጥ ማንም አያወራም።

ለአረሩ እርሳስ ያስፈልጋል። ንጹሕ እርሳስ ግን ለብቻው በጣም ይለሰልሳል። ጋሼ መፍትሔው ነበረው። አራት ኪሎ የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሰፈር ነው፤ ድርጅቱ በ1914 ዓ.ም. በራስ ተፈሪ ከተቋቋመ ጀምሮ በአካባቢው ፊደል ለቃሚና አታሚ የሆነ ሰው አይጠፋም። በከተማው ሌሎችም ትናንሽ ማተሚያ ቤቶች ነበሩ። ያረጁና የተሰበሩ የማተሚያ ፊደላት ከአንዱ እንደ ቁርጥራጭ ብረት ተሸጠው ጋሼ እጅ ደርሰዋል። የማተሚያ ፊደል ከእርሳስ፣ ከቆርቆሮና ከአንቲሞኒ ተቀላቅሎ ይሠራል፤ አንቲሞኒው ያጠነክረዋል። ጋሼ ከነዚያ ፊደላት ጥቂት እየዘገነ ከለስላሳው እርሳስ ጋር በሸክላ ማቅለጫው ውስጥ ያደርጋቸዋል። ወናፉን እኔ እጎትት ነበር። ፊደላቱ በመስታወት እንደታዩ ተገልብጠው የተቀረጹ ናቸው፤ አንዳንዶቹን ለመለየት ጭንቅላቴን አዘነብላለሁ። ሀ ትታየኛለች፤ መ ትታየኛለች። ከዚያ ጠርዛቸው ይሟሟና እግራቸው ይጠፋል፤ ማቅለጫው ላይ የሚያብለጨልጭ ፈሳሽ ብቻ ይቀራል። ማንበብ ገና እየተማርኩ ለነበርኩት ልጅ ይህ እጅግ ከባድ ነገር ነበር። አያቴ ዓይኔን አይተው «አይዞህ፣ ሌላ ፊደል ይቀረጻል» አሉኝ። ቅርጹን ራሱ ጋሼ ከድንጋይ ፈልፍሎታል። ቀልጦ የገባው እርሳስ ወዲያው ይረጋል፤ ቅርጹ ሲከፈት ወፍራምና ድንቡሽ አረር ጨርቅ ላይ ትወድቃለች።

ባሩዱ የሚለካው በወርቅ ሚዛን ነው። አገር ቤት የሚሠራው ጥቁር ባሩድ ከድኝ፣ ከከሰልና ከአፈር ታጥቦ ከሚወጣ ነጭ ጨው ይቀመማል፤ የአያቴ የቡልጋ ዘመዶች በቅል አድርገው ይልኩላቸው ነበር። ጋሼ ወርቅ በወቄትና በድሪም ሲመዝን የሚጠቀምባትን ትንሽ ሚዛን አውጥቶ፣ በአንዱ ጆሮዋ የራሱን የናስ ቁራጭ፣ በሌላው ባሩዱን አድርጎ እኩል እስኪሆኑ ይጠብቃል። ያነሰ እንደሆነ አረሯ አፈሙዙ ውስጥ ተሰንቅራ ትቀራለች፤ ያንን ያላወቀ ሰው ሁለተኛ ቢተኩስ ሽጉጡ እጁ ላይ ይፈነዳል። ከኋላ የመጣው፣ ጭስ የሌለው የፈረንጅ ባሩድ ደግሞ ጉልበቱ ሌላ ነው፤ እንዲያ ያለውን ባሩድ ጋሼ በዚህ አሮጌ ሽጉጥ ቀለህ ውስጥ ለማድረግ እንቢ ብሏል። ብረቱ የተሠራበትን ዘመን የሚያከብር ሰው ነበር።

በቀለሁ ቂጥ ላይ ያለችውን እሳት ጫሪ እንዴት እንደሚያድሳት ግን አላየሁም። ያችን ክፍል ሲደርስ እኔን ወደ ውጭ ይልከኛል። ያ ሥራ ስንት ሰው ጣቱንና ዓይኑን ያጣበት ነው። ምስጢሩን ለልጁም አላስተማረም፤ ይዞት አለፈ።

አያቴ ሲያጎርሱ ደግሞ ሌላ ደስታ ነበረኝ። በሽጉጡ ቀኝ ጎን ያለችው ትንሽ በር ስትከፈት ቃታው ከመምቻው ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል፤ ቃታው ሲሳብ የሚዞረው ጥይት የሚይዘው ክቡ ብቻ ነው። አንድ ጥይት ያጎርሳሉ፤ ቃታውን ይስባሉ፤ ክቡ ይዞራል፤ ሌላ ያጎርሳሉ። ባዶ ቀለህም አንድ በአንድ በዘንግ እየተገፋ ይወጣል። በጥድፊያ የማይሠራ መሣሪያ ነው። እያንዳንዷን ጥይት በእጅ ይነኳታል፤ ከማን እጅ እንደመጣች ያስታውሳሉ።

አንድ ቀን ከአያቴ ጋር ለመውጣት ጫማዬን ሳስር አክስቴ ከጓዳ ብቅ አለች። «አባባ፣ ልጁን እዚያ ቤት እህል እንዳያስቀምሱት» አለች። ለምን እንዲህ እንዳለች በቤቱ ያለ ሁሉ ያውቃል። አንጥረኛ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው ተብሎ የሚፈራበት፣ በእጁ ሥራ የሚያድር ሰው የሚናቅበት ዘመን ገና አላለፈም። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ በአዋጅ ቢናገሩም አዋጅ የማድ ቤት ሹክሹክታን አያጠፋም። አያቴ ቆሙ። ተቆጥተው አልነበረም፤ ድምፃቸው ረጋ ያለ ነበር። «ልጄ፣ እኔ በዚያ ሰው እጅ ነው በሕይወት የቆየሁት። አንቺም በዚያ ሰው እጅ ነው የተወለድሽው» አሉ። ከዚያም እጄን ይዘው ወጡ። በዚያን ቀን ከጋሼ ቤት ቆሎ በላሁ፤ አያቴ ከእኔ ጋር ከአንድ ሳህን በሉ።

የነገሩን ፍች በመንገድ ነገሩኝ። በጠላት ዘመን ጋሼ እዚያችው ሠራተኛ ሰፈር፣ እዚያችው ቤት ነበር። ቀን ቀን ለጣሊያን መኮንኖች የሚሸጥ የብር ጌጥ ይሠራል፤ ማታ ማታ ከገጠር በሰው እጅ፣ በእህል ስልቻ ሥር የሚመጣለትን ቀለህ ይሞላል። ሙሶሊኒ በመሣሪያ የተያዘ ሸማቂ ሁሉ እንዲረሸን ባዘዘበት ከተማ፣ አንድ የተሞላች ጥይት ቤት ውስጥ መገኘት ማለት ሞት ነበር። ውስጥ አርበኞች የምንላቸው ከተማ ውስጥ ሆነው የታገሉት እንዲህ ዓይነት ሰዎች ናቸው። ስማቸው የታወቀው ጥቂቶቹ ነው። ከሴቶቹ ሸዋረገድ ገድሌ ከአዲስ አበባ ገንዘብና ጥይት ለአርበኞች ሲያስተላልፉ ተይዘው ወደ ጣሊያን አዚናራ ደሴት ተግዘዋል፤ ተመልሰውም ዱር ገብተው ተዋግተዋል። እሳቸው ካስተላለፉት ጥይት ውስጥ ስንቱ ከፋብሪካ፣ ስንቱ ከአንጥረኛ እጅ እንደወጣ የሚነግረን መዝገብ የለም። አንጥረኞቹን የመዘገበ አልነበረም።

በየዓመቱ ሚያዝያ 27 አራት ኪሎ አደባባይ ይሞላል። በድሉ ሐውልት ዙሪያ አርበኞቹ ጎፈራቸውን ደፍተው፣ ለምዳቸውን ለብሰው፣ ሜዳሊያቸውን ደርድረው ይሰለፋሉ። አያቴም በሰልፉ ውስጥ ነበሩ፤ ያ ስድስት ጎራሽ በወገባቸው፣ ደረታቸው ላይ ሜዳሊያዎቻቸው። ጋሼ ደግሞ በእግረኛው መንገድ ላይ፣ ነጭ ጋቢውን አጣፍቶ ከሕዝቡ ጋር ይቆማል። በሰልፉ ውስጥ የሱ ቦታ የለም። አርበኛ ለመባል ጫካ የወረደ መሆን፣ የተኮሰ መሆን፣ መስካሪ ማምጣት ያስፈልጋል። ጋሼ ምንም ሜዳሊያ አልተሸለመም። አያቴ በፊቱ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ሽጉጡ አፎት አውርደው ራሳቸውን ዝቅ ያደርጉለት ነበር። ልጅ ሆኜ ይህ ይበቃዋል ብዬ አስብ ነበር። ዛሬ ይበቃዋል ብዬ አላስብም።

ጥይቶቹ የሚተኮሱት ለአንድ ነገር ብቻ ነበር። የዱር ጓደኛ ሲሞት አያቴ ወደ ቡልጋ ይወርዳሉ፤ ከቀብሩ በኋላ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርገው ይተኩሳሉ። የሞቱት ሰዎች ቁጥር እየበዛ ሲሄድ ጥይቱ እያነሰ መጣ፤ ቀለሆቹም እያረጁ አንድ በአንድ ተጣሉ። በኋላ በኋላ ለአንድ ሟች አንዲት ጥይት ብቻ ይበቃ ነበር። ከቀብር ሲመለሱ አያቴ ራት ከመብላታቸው በፊት አፈሙዙን በፈላ ውኃ ያጥቡታል። ጥቁር ባሩድ የሚተወው ጥቀርሻ እርጥበት ይስባል፤ አንድ ሌሊት ካደረ ብረቱን ይበላዋል፤ በአዲስ አበባ ክረምትማ አይጣል ነው። ውኃው ጠቁሮ ይወጣል፤ ደግሞ ይጨመራል፤ ነጥቶ እስኪወጣ ድረስ። ከዚያ ዘይት። የሐዘናቸው ሥርዓት ይህ ነበር፤ ልቅሶ ቤት ያላለቀሱት አያቴ ያንን አፈሙዝ ሲያጥቡ እንባቸው ሲወርድ አይቻለሁ።

አያቴ ከአብዮቱ በፊት አረፉ፤ ጋሼ ብዙም ሳይቆይ ተከተላቸው። አያቴ ሲቀበሩ ማንም አልተኮሰም፤ የቀረ ጥይት አልነበረም፤ የሚሞላ ቀለህም አልነበረም። ሽጉጡ ከአባቴ ጋር ቆየና፣ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቤት ለቤት አሰሳ ሲታወጅ አባቴ ወስዶ አስረከበው። ባይተኮስም ብረት ብረት ነው። ያኔ ቤት ውስጥ መሣሪያ መገኘት የቤተሰብ ሕይወት የሚያስከፍል ነበር፤ አባቴ ትክክል አድርጓል። የዓድዋው ሽጉጥ እንዲያ ሆኖ ከቤታችን ወጣ።

ዛሬም ቢሆን እንዲያ ያለ ሽጉጥ ይዞ ቤት ውስጥ ቀለህ መሙላት አይሆንም። በየጊዜው የወጣው ሕግ፣ በቅርቡም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012፣ መሣሪያ ያለ ፈቃድ እንዳይያዝ ይከለክላል። አገራችን ባለፉት ዓመታት ባየችው መከራ ውስጥ ይህን ሕግ የሚቃወም ቃል ከእኔ አይወጣም። የጋሼን ጥበብ መልሰን እንጀምረው አልልም። እሱ ራሱ ጥይቶቹን የሞላው የልጆቹን አገር ከወራሪ ለማዳን ነው፤ ወንድም በወንድም ላይ እንዲተኩስባቸው አልነበረም።

የምለው ሌላ ነው። በጣሊያንም በአሜሪካም ያንኑ ቦዴዮ እስከ ዛሬ የሚወዱ ሰዎች አሉ። ፋብሪካ በብዛት የማይሠራውን ጥይት ራሳቸው ይሞሉታል፤ የናሱን ርዝመት፣ የባሩዱን ሚዛን፣ የአረሩን ስፋት በመጽሐፍ ጽፈው ለሚቀጥለው ትውልድ አስቀምጠዋል። ለእነሱ የትርፍ ጊዜ ደስታ ነው። ለእኛ ግን የሕልውና ጉዳይ ነበር፤ የጻፈው ሰው ግን የለም። ጠመንጃችንን በስሙ እናውቀዋለን፤ ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር፣ አልቢን እያልን እንፎክርበታለን። ተኳሹን እናውቀዋለን፤ ሐውልት እናቆምለታለን፤ መንገድ በስሙ እንሰይማለን። በመካከላቸው ያለውን፣ ጠመንጃው ዝም እንዳይል ሌሊቱን በኩራዝ ብርሃን ያነጋውን ሰው ግን ባለ እጅ ነው ብለን ከታሪኩ በር ላይ አስቀረነው። በፊቱ ቆሎ ለመብላት የፈራን ሕዝብ ታሪኩን ለመጻፍም ፈራን።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. በፒያሳ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ፈረሱ፤ ዶሮ ማነቂያ የምናውቀው ዶሮ ማነቂያ አይደለም። ልጅ ሆኜ ከአያቴ ጋር የሄድኩበትን መንገድ ዛሬ ለልጄ ላሳየው ብል ከቅዱስ ጊዮርጊስና ከምኒልክ ሐውልት በቀር ብዙ የምጠቁመው የለኝም። ሰፈሩ ሲፈርስ በየሣጥኑ ሥር የቀሩ የድንጋይ ቅርጾች፣ ትናንሽ የወርቅ ሚዛኖች፣ የተሰነጠቁ ቀለሆች አብረው እንደሚጠፉ እፈራለሁ። በየቤቱ ያሉ ሽማግሌዎችም የአንጥረኛ አባታቸውን የሌሊት ሥራ ሳይናገሩ እያለፉ ነው።

በመታሰቢያውና በሙዚየሞቻችን ውስጥ ከጠመንጃዎቹ ጎን አንድ ጠረጴዛ ይጨመር። መስፍ፣ ወናፍ፣ የሸክላ ማቅለጫ፣ የድንጋይ ቅርጽ፣ የወርቅ ሚዛን ይቀመጥበት። ከሥሩም ይጻፍ፤ ይህ ዓይነቱ ዕቃ የአገራችን አንጥረኞችና ቀጥቃጮች ጦሩን በጥይት የቀለቡበት ነው ተብሎ ይጻፍ። ስማቸውን ከልጆቻቸው አፍ የሚሰበስብ ሰው ይላክ፤ ሠራተኛ ሰፈርን የሚያስታውስ፣ ጎንደርን፣ ጎጃምን፣ ወሎን የሚዞር። በጠላት ዘመን በአንድ ሌሊት የሞላው ቀለህ በማግሥቱ የአንድ ሰው ነፍስ ካተረፈ፣ ያ ሰው አርበኛ ነው። ሜዳሊያው በጊዜው አልደረሰውም፤ ስሙ ግን አሁንም ሊደርሰው ይችላል፤ ጊዜው ሳያልፍ ይድረሰው።